የምትሃተኛው ደብዳቤ

ምትሃተኛ ከሰው ልጆች ሁሉ ለየት ያለ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው። ሌላው ሰው ሲዋሽ ቢገኝ ያፍራል፤ እርሱ ግን በአደባባይ አታሎ ጭብጨባ ይቀበላል። ባዶ ነው ያለው ሣጥን ባዶ አይደለም፤ ተቆረጠ ያለው ገመድ አልተቆረጠም፤ በቀኝ እጁ ያለ የመሰለው ሳንቲም ወደ ግራው ከተሻገረ ቆይቷል። ተመልካቹም ይህን ሁሉ እያወቀ ከኪሱ ከፍሎ ይቀመጣል። እንዲያውም የተበደለ የሚመስለው ምትሃተኛው በሚገባ ሳያታልለው የቀረ እንደሆነ ነው።

ይሁን እንጂ መጋረጃው ከመገለጡ አስቀድሞ ተመልካች የማያየው አንድ ሥራ አለ። ምትሃተኛው ለሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ለትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ለሠርግ ደጋሽ ወይም የዓመት በዓል ለሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጽፋል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያሳይ፣ ከዚህ ቀደም የት እንዳሳየ ዘርዝሮ እንዲጠሩት ይጠይቃል። ኑሮው የተንጠለጠለው በዚህ ወረቀት ላይ ነው። ጥሪ ካልመጣ መድረክ የለም፤ መድረክ ከሌለ ደግሞ እንጀራ የለም። ለመሆኑ በመድረክ ላይ የተሰጠው የማታለል ፈቃድ ወደዚህ ወረቀትም ይሻገራልን?

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይበጃል። በምሥራቅ አፍሪካ ከሚገኙት ከተሞች በአንዱ የሚኖር አንድ ወጣት የእጅ ጥበቡን ለዓመታት ተለማምዷል እንበል። የጎረቤት ልጆችን ያስደስታል፤ በሁለት የልደት በዓላትና በአንድ ሠርግ ላይ አሳይቷል። አሁን ለአንድ ትልቅ ሆቴል ሊጽፍ ተቀምጧል። «በሁለት ልደትና በአንድ ሠርግ ላይ ሠርቻለሁ» ብሎ ቢጽፍ ማን ያነበዋል? ስለዚህ ብዕሩ ትንሽ ትንሽ መንሸራተት ይጀምራል። ሠርጉ «ታላላቅ ዝግጅቶች» ይሆናል። ከሌላ አገር የመጣ አንድ እንግዳ ያጨበጨበለት ቀን «ዓለም አቀፍ አድናቆት» ይባላል። ቀጥሎም አንድ ያልተባለ ምስጋና በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይገባና ከግርጌው «አንድ ታዋቂ ባለሥልጣን» የሚል ፊርማ ያርፍበታል።

ወጣቱ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። «ሥራዬ እኮ ማስመሰል ነው። የሚቀጥረኝም ሰው የሚገዛው ይህንኑ ነው። ደብዳቤዬ ካስደነቀው፣ ያ የትርኢቴ የመጀመሪያው ክፍል መሆኑ አይደለምን? የማስመሰል ችሎታዬን በወረቀት ላይ ካላሳየሁት በምን ያውቀኛል?» ይላል። ክርክሩ ብልህነት አለው። ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ ለመረዳት ግን ምትሃተኛውን በመድረክ ላይ ነጻ የሚያወጣው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። የሰሜን አፍሪካው ሊቅ፣ የሂጶው አውግስጢኖስ፣ በ395 ዓ.ም. ገደማ ስለ ውሸት በጻፈው ድርሳን (እዚህና ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ውሸትን በብርቱ ያወገዘ ሰው ሆኖ ሳለ ቀልድን ከውሸት ቁጥር አላስገባም። ቀልደኛው በድምፁና በሁኔታው የማታለል ሐሳብ እንደሌለው ለሰሚው ያስታውቃልና። ከእርሱ በኋላ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት በ1584 ስለ ጥንቆላ ባሳተመው መጽሐፍ የዘመኑን የእጅ ምትሃቶች አሠራር አንድ በአንድ ገለጠ። ዓላማው ምትሃተኞችን ለማሳጣት አልነበረም፤ ጠንቋዮች ናችሁ እየተባሉ የሚከሰሱ ሰዎች ይሠሩታል የተባለው ብዙው ነገር የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ነበር። ለደስታና ለጨዋታ እስከተሠራ፣ ባልንጀራን እስካልጎዳ፣ የፈጣሪንም ስም እስካላቃለለ ድረስ ይህ ጥበብ በደል የለበትም ሲልም ፈረደ።

ሁለቱ ሰዎች በዘመንም በሃይማኖታዊ አቋምም የተራራቁ ናቸው። የሚገናኙበት ነጥብ ግን አንድ ነው፤ ማታለልን ከበደል የሚያነጻው ስምምነት ነው። ተመልካቹ የሚታለልበትን ሰዓትና ቦታ አውቆ ገብቷል፤ ሲያበቃም ወደ ቤቱ የሚመለሰው ያልነበረውን እምነት ይዞ ሳይሆን የተደሰተ ልብ ይዞ ነው።

እዚህ ላይ የወጣቱ ክርክር ይፈርሳል። ደብዳቤው የስምምነቱ ፍሬ አይደለም፤ ስምምነቱ የሚፈጸምበት ስፍራ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሲያነብ ገና ተመልካች አልሆነም፤ ተዋዋይ ነው። የሚያወጣው የድርጅቱን ገንዘብ ነው፤ ተጠያቂ የሚሆነውም እርሱ ነው። እንዲታለል ፈቃዱን አልሰጠም፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ገና አሁን ነውና። ፈቃድ ለማግኘት ሲባል ያለ ፈቃድ ማታለል ደግሞ ቁልፍ ለመቀበል በር መስበር ይሆናል። ምትሃተኛው በመድረክ ላይ የፈለገውን ሁሉ እንዲያደርግ የተፈቀደለት በደብዳቤው ውስጥ ቃሉ ቃል ስለሆነ ነው። መሠረቱ ውሸት ከሆነ ከዚያ በኋላ በመድረክ ላይ የሚደረገው ማታለል ሁሉ የጨዋታነት ጠባዩን ያጣል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር እንዳልሆነ ከሃሪ ሁዲኒ ሕይወት በላይ የሚያስረዳ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ሁዲኒ በ1874 በቡዳፔስት ተወለደ፤ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በኋላ ግን የተወለደው በዊስኮንሲን ግዛት በአፕልተን ከተማ እንደሆነ ይናገር ነበር። የሥራው የመጀመሪያ ዓመታት የችግር ዓመታት ነበሩ። በ1890ዎቹ መጨረሻ እርሱና ሚስቱ ከአንድ ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ሻጭ ቡድን ጋር በካንሳስ ግዛት ሲዞሩ ሕዝብ የሚሰበስብ ነገር ታጣና ሁዲኒ የሙታን መንፈስ የሚያነጋግር ሰው ተብሎ ማስታወቂያ ወጣለት። በየከተማው የመቃብር ድንጋዮችን እያነበበ፣ የሰዎችን ወሬ እያዳመጠ የሰበሰበውን ማታ በመድረክ ላይ ከሙታን የመጣ መልእክት አድርጎ አቀረበው። ሰዎች አለቀሱ። በ1924 ባሳተመው መጽሐፍ ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ቀላል ጨዋታ ቆጥሮት እንደነበርና የኋላ ኋላ ግን በሰዎች ሐዘን ላይ መቀለድ ምን ያህል ከባድ በደል እንደሆነ እንደተረዳ ጽፏል።

ይህ ምሳሌ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። በካንሳስ የተጠቀመበት የእጅና የጆሮ ጥበብ በሌላ መድረክ ላይ ከሚጠቀምበት እምብዛም የተለየ አልነበረም። የተለየው ማስታወቂያው ነበር። «ኑና የሚያስደንቅ ትርኢት እዩ» የሚለው ጥሪ «ኑና ከሞተው ልጃችሁ ጋር ተነጋገሩ» ወደሚል ሲለወጥ ያው ጥበብ ከጨዋታነት ወጥቶ ዝርፊያ ሆነ። ጥሪው ተመልካቹ ምን ብሎ እንደሚገባ የሚወስን በመሆኑ የሥራውንም ምንነት ይወስናል።

በ1898 ሁዲኒ ተስፋ ቆርጦ የምትሃት ምስጢሮቹን ለሽያጭ የሚያቀርብ ዝርዝር እስከማሳተም ደረሰ፤ ገዢ ግን ብዙም አልተገኘም። ዕጣው የተለወጠው በ1899 ነው። ማርቲን ቤክ የተባለ የቲያትር ቤቶች ኃላፊ በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ ትርኢቱን አየ፤ ወዲያው አላመነም፤ የራሱን የእጅ ሰንሰለቶች አምጥቶ ፈተነው። ከዚያም በኦማሃ ከተማ በ60 ዶላር ሥራ እንዲጀምር ቴሌግራም ላከለት። የቴሌግራሙ ቃል የሚያስደንቀው በቁጥብነቱ ነው። ዕፁብ ድንቅ ተስፋ አልሰጠም፤ ሥራውን እንደሚያየውና ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው ወቅት ምናልባት ሐሳብ እንደሚያቀርብለት ብቻ ገለጸ። ሁዲኒ የሕይወቱን ጉዞ የለወጠው ያ አጭር ወረቀት እንደሆነ ጽፎበት አስቀመጠው።

ከዚህ በኋላ ሁዲኒ የማስታወቂያ ጥበብን እንደ እርሱ የተካነበት አልተገኘም። በየሚገባበት ከተማ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፤ በሰንሰለት ያሳስራል፤ ሲፈታ የፖሊስ አዛዡ የሰጠውን የተፈረመ ምስክርነት አሳትሞ ለሚቀጥለው ከተማ ያሳያል። ጀርመን አገር ሲደርስ ግን ይኸው ቃሉ ተፈተነ። ቬርነር ግራፍ የተባለ የኮሎኝ ፖሊስ በ1901 በጋዜጣ አጭበርባሪ ነው ብሎ ጻፈበት። ሁዲኒ በስም ማጥፋት ከሰሰው፤ በ1902 በተካሄደው ችሎትም በዳኞች ፊት ሰንሰለት ፈትቶ ረታ፤ ይግባኝ ቢባልም ፍርዱ ጸና። ያ ሙግት የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። ሁዲኒ የተወነጀለው በመድረክ ላይ ተመልካችን ስላታለለ አልነበረም፤ በዚያ ማንም አይከሰስም። የተወነጀለው በማስታወቂያ እችለዋለሁ ያለውን በእውነት አይችለውም ተብሎ ነው። ያዳነውም ቃሉን በተግባር ማሳየት መቻሉ ነው።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በብላክበርን ከተማ የዚህ ቃል ዋጋ በሥጋው ላይ ደረሰ። ተራ የፖሊስ ሰንሰለት በትክክል የሚሠራ እስከሆነ እፈታለሁ የሚለውን ጥሪ ሰምቶ ሆጅሰን የተባለ ሰው ቁልፋቸው የተነካካ ሰንሰለቶች ይዞ መጣ። ሁዲኒ ሰንሰለቶቹ እንደተበላሹ ተናግሮ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ታሰረ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ታግሎ እጁ ቆስሎና አብጦ ወጣ። በጽሑፍ የወጣ ቃል ባለቤቱን መልሶ ያስራል። እችላለሁ ከማለት በፊት ቢታሰሩበት የሚቻል መሆኑን መመዘን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ለዚህ ሁሉ ብርቱ ተቃውሞ ይቀርባል። ውሸታቸው የሰመረላቸውስ? ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ከ1900 ጀምሮ ቹንግ ሊንግ ሱ በሚል ስም ቻይናዊ መስሎ በአውሮፓ መድረኮች ነገሠ። ጋዜጠኞችን እንኳ የሚያነጋግረው በአስተርጓሚ ነበር። ስሙንም ሥራውንም የቀዳው ቺንግ ሊንግ ፉ ከተባለው እውነተኛ ቻይናዊ ምትሃተኛ ነው። በ1905 ሁለቱ በለንደን ተገናኝተው ፉ አስመሳዩን ለውድድር ቢጠራው ሕዝቡ ለእውነቱ እምብዛም አልተጨነቀም፤ ሱ መሥራቱን ቀጠለ። እንግዲህ ተመልካቹ ካልተከፋ በደሉ የት ላይ ነው?

በደሉ በሁለት ሰዎች ላይ ነው። አንደኛው ፉ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት ጥበብ በስሙ ጥላ ሥር ሌላ ሰው ሲበላበት አየ። የማስታወቂያ ውሸት ዘወትር እንዲህ ያለ ያልተጠራ ተጎጂ አለው፤ ሐሰተኛው ደብዳቤ ያገኘውን ጥሪ እውነተኛው ደብዳቤ አጥቶታልና። ሁለተኛው ራሱ ሮቢንሰን ነው። በመጋቢት 1918 በለንደን በውድ ግሪን ኢምፓየር ቲያትር ጥይት በሚይዝበት ትርኢት ጠመንጃው በእውነት ተኮሰ። ሲወድቅ በእንግሊዝኛ መጋረጃው እንዲወርድ እንደጠየቀ ይነገራል። በማግሥቱ ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመት በሕዝብ ፊት በገዛ ልሳኑ ያልተናገረ ሰው ለመናገር የቻለው ሊሞት ሲል ነበር። በማስታወቂያ የተፈጠረ ማንነት ከመድረክ ሲወርዱ እንደ ልብስ የሚወልቅ አይደለም፤ ገበያው በዚያ መልክ ስለገዛ ዘወትር በዚያው መልክ ይጠብቃል።

የጥሪው ቃል ከዚህም የከፋ ነገር ሊያገለግል እንደሚችል አፍሪካ አይታለች። ዣን ኢዩጂን ሮቤር ኡደን የተባለው ዕውቅ ፈረንሳዊ ምትሃተኛ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነበረችው፤ በውስጧ ብረት፣ ከሥሯም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ስላለ እርሱ ሲፈልግ ማንም ሊያነሣት አይችልም። በፓሪስ ይህች ሣጥን ሌባ የማያነሣት የገንዘብ ሣጥን ተብላ ሰውን ታስቅ ነበር። በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት የአገሬውን መሪዎች እንዲያስደነግጥለት ወደ አልጄሪያ ሲልከው ግን ያችው ሣጥን የሌላ ታሪክ ተሸካሚ ሆነች። ከተመልካቾቹ መካከል አንድ ጠንካራ ሰው ተጠርቶ ኃይሉ በፈረንሳዊው ትእዛዝ እንደተወሰደበት ተነገረው። ትርጉሟን ከሁሉ በላይ የለወጠው ከፊቷ የተነገረው ቃል ነው። ያ ቃል ጨዋታውን የቅኝ ግዛት መሣሪያ አደረገው። በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ሰዎች ለመደሰት ሳይሆን ለመገዛት ተጠርተው ነበርና።

በዚህ አካባቢ የሚጻፍ ደብዳቤ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ፈተናው ገና ከሙያው ስም ይጀምራል። በአማርኛ «አስማተኛ» ብሎ የፈረመ ሰው አንባቢውን ያስደነግጣል፤ «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ሲሆን የተሰወሩ ስሞችን በመጥራት ይሠራል የሚባለውን የድግምት ዓለም ያስታውሳልና። «ምትሃት» ይቀላል፤ እርሱም ቢሆን በአማርኛው ወንጌል ደቀ መዛሙርቱ ጌታቸው በባሕር ላይ ሲራመድ ባዩ ጊዜ በፍርሃት የተናገሩት ቃል ነው። በዐረብኛ «ሲሕር» የተባለው ቃል ጥንቆላንም ያጠቃልላል፤ ጨዋታውን ለመለየት «ኺፈት ያድ»፣ ማለትም የእጅ ቅልጥፍና፣ ማለት ይሻላል። ስዋሂሊ በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ ለጨዋታው «መዚንጋኦምብዌ»፣ ሰውን ለሚጎዳው ጥንቆላ «ኡቻዊ» ብሎ ለይቶ አስቀምጧል።

እነዚህን ቃላት መምረጥ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወጣቱ ከፍ ያለ ክፍያ እንዲያገኝለት ስውር ኃይል ያለው አስመስሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ጥሪውም ይበዛ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት እናት የታመመ ልጇን ይዛ ትመጣበታለች። በዚያች ሰዓት «የጻፍኩት ለማስታወቂያ ነው» ቢላት ምን ይጠቅማታል? ጥንቆላ እስከ ዛሬ ሰው በሚፈራበት፣ አንዳንዴም በዚሁ ተጠርጥሮ ሰው በሚጎዳበት ምድር «የማሳየው የእጅ ጥበብ ነው» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ከትሕትናም በላይ ናት። ሬጂናልድ ስኮት በመጽሐፍ ሙሉ የደከመበትን ሥራ በአንድ መስመር ትሠራለች።

ታዲያ እውነተኛ ደብዳቤ ምስጢር የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ዝም ማለትና መዋሸት የተለያዩ ናቸው። ገመዱ እንዴት እንደሚቀጠል አለመናገር የሙያው መብት ነው፤ ሥራ አስኪያጁም አልጠየቀም። ሥራ አስኪያጁ ሊያውቅ የሚገባው ሌላ ነው። ትርኢቱ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ሕፃናትን ያስፈራል ወይስ አያስፈራም? እሳት፣ ቢላዋ ወይም እንስሳ አለበትን? መድረኩ ምን ያህል ቦታ ይፈልጋል? መብራት ቢጠፋ ይቀጥላልን? ዋጋው ስንት ነው፣ መጓጓዣውስ በማን ነው? ከዚህ በፊት ያየው ሰው ቢጠየቅ ለመመስከር ፈቃደኛ ነውን? እነዚህን በቅንነት የመለሰ ደብዳቤ «በዓለም የታወቀ» ከሚለው ሐረግ ይልቅ ያሳምናል፤ ጸሐፊው ራሱን ትቶ የአንባቢውን ጭንቀት እንዳሰበለት ያሳያልና። ሁለት ልደትና አንድ ሠርግም ቢሆኑ ደጋሹ ሰው አድራሻውን ለመስጠት ከፈቀደ በስም ከማይታወቅ ባለሥልጣን ምስጋና ይበልጣሉ።

አማርኛ በሰምና ወርቅ የሠለጠነ ቋንቋ ነውና ድርብ ትርጉም ያለው ንግግር ለአንባቢው እንግዳ አይደለም። የቅኔ ደስታም ከምትሃት ደስታ ብዙ አይርቅም፤ ሰሙ ዓይንን ይይዛል፣ ወርቁ ከኋላ ሆኖ ይጠብቃል። ነገር ግን አባቶች ቅኔ በሚዘረፍበት ስፍራና ውል በሚጻፍበት ስፍራ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቁ ነበር። በውል ላይ ሰም የለም። የምትሃተኛው ደብዳቤም ውል ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሆድ ነው፤ ከሁሉም የከበደው እርሱ ነው። እውነቱን የጻፈው ወጣት ደብዳቤው ሳይነበብ ቢጣል፣ የዋሸው ጓደኛው ግን ቢጠራ ምን ይባላል? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ማለት ይቻላል፤ የቤት ኪራይ ግን እስኪያድር አይጠብቅም። እውነት የጻፈ ሁሉ ይጠራል ብሎ ተስፋ መስጠት ራሱ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ይሆናል። ሁዲኒም የዳነው በደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ቤክ መጥቶ አይቶ፣ ፈትኖ ነው። ስለዚህ ጥሪ ላጣ ጀማሪ የሚሻለው መንገድ ያላደረገውን ከመጻፍ ይልቅ «አሥር ደቂቃ ስጡኝና እዩኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ልመና አይደለም፤ ለመፈተን መዘጋጀት ነው። ሊፈተን የተዘጋጀ ሰው ደግሞ ቢያንስ ሌላው የማይሰጠውን አንድ ነገር ይሰጣል፤ ለአንባቢው የመፍረድ ነጻነትን ይተውለታል።

ሁዲኒ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት፣ በ1926፣ በዋሽንግተን በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በገንዘብ የሚጠነቁሉ ሰዎች እንዲከለከሉ መሰከረ። ሕጉ አልጸደቀም። በካንሳስ የሙታንን ቃል ሲሸጥ የነበረው ወጣት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የዚያን ዓይነት ጥሪ በማሳገድ ላይ ተገኘ። ጥበቡን አልተወም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ሰው እያስደነቀ ኖሯል። የለወጠው ከመጋረጃው በፊት የሚነገረውን ቃል ነው። በትውልድ ቦታው ላይ ያለው ነገር እስከ መጨረሻው ሳይስተካከል መቅረቱም አይካድም፤ ሰው እውነትን የሚማረው አንዳንዱን እየተወ ነው።

ወጣቱ አሁንም ወረቀቱ ፊት ተቀምጧል። ነገ ማታ በመድረክ ላይ ሳንቲሙ ከእጁ ይጠፋል፤ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ማንም ሌባ አይለውም። ያ የሚሆነው ግን ዛሬ በወረቀቱ ላይ ምንም ነገር ካልጠፋ ነው።